ስማቸው የጠፋብን ቅድመ አያት

ቅድመ አያታችን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምተዋል ሲባል እየሰማን አደግን። ስማቸውን ይዘን አገራቸው ወርደን ብንጠይቅ ግን የሚያውቃቸው ጠፋ። ለካስ እኛ የያዝነው የክርስትና ስማቸውን ብቻ ኖሯል! የዱሮ ሰው በዓለም ስሙ ይጠራል፣ በክርስትና ስሙ ይቆርባል፣ በፈረሱ ስም ይፎክራል። አፄ ምኒልክም ሣህለ ማርያም፣ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የአባት ስም እንደሆነ በየትውልዱ ይለወጣል፤ ቤተሰቡን አያያይዝም።

በመጨረሻ አንዲት አሮጊት አክስታችን የፈረስ ስማቸውን ሲነግሩን አገሬው ሁሉ «እሳቸውንማ!» አለ። አክስታችን በዓመቱ አረፉ። ብንዘገይ ኖሮ ያ ስም አብሯቸው ይቀበር ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌዎቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ በዕድራችን መዝገብም ስማችን ሁሉ ይጻፍ።