ከተጣለው ሥጋ የወጣ ስም

የአንድ ከተማ የምግብ ታሪክ ከባለጸጎች ማዕድ ብቻ አይጻፍም። በቻይና የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በቼንግዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጉዎ ጃኦሁዋ ከባለቤቱ ከጃንግ ቲያንጄንግ ጋር በመንገድ ዳር ይሸጠው የነበረው ምግብ ለዚህ ምስክር ነው።

በዚያን ጊዜ ምርጡ የበሬ ሥጋ ገንዘብ ላለው ሲሸጥ፣ ጨጓራው፣ ልቡ፣ ምላሱና የራሱ ቆዳ በርካሽ ይገኝ ነበር። ባልና ሚስቱ ይህንኑ ደጋግመው አጥበው በቅመም ይቀቅሉታል፤ ሲበርድም በስሱ ከትፈው በበርበሬ ዘይትና ምላስን በሚያደነዝዘው በአገሩ ቅመም ለውሰው ያቀርቡታል። የዋጋው ርካሽነት ድኻውን ሳበ፤ የእጃቸው ሙያ ግን ሌላውንም አስከተለ። የመንገድ ዳሩ ንግድ በኋላ ወደ ምግብ ቤትነት አደገ።

ምግቡ «ፉቺ ፌይፒያን» ይባላል። «ፉቺ» ባልና ሚስት፣ «ፒያን» ስስ ቁራጭ ማለት ነው። «ፌይ» ግን በአንድ ድምፅ ሁለት ቃል ነው፤ በአንደኛው አጻጻፍ «የተጣለ»፣ በሌላው «ሳንባ» ማለት ይሆናል። እንደሚነገረው፣ «የተጣለ» የሚለው ለማዕድ የማይገባ ሆኖ ስለተገኘ በ«ሳንባ» ተተካ። ስለሆነም ዛሬ ሳንባ እምብዛም የማይገባበት ምግብ የሳንባን ስም ይዞ ቀርቷል።

የስሙ ለውጥ ለምግቡ ክብር ጨምሮለት ይሆናል። ነገር ግን የሙያውን መነሻ የሚመሰክረው የቀድሞው ቃል ነው፤ ክብሩ የተገኘው ሌላው ንቆ የተወውን አንስተው፣ አጥበውና አጣፍጠው ለሰው ካቀረቡ እጆች ነውና።