የጌፒንገን አዞ

«ባቡር» የሚለው ቃል በአገራችን ሰው አንደበት ሲነገር ግዝፈትን ያመለክታል። ጭሱ፣ ጩኸቱ፣ የተሳፋሪው ብዛት አብሮ ይታሰባል። በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ ባቡርም ታሪክ አለው ብል ከአንባቢዎቼ ጥቂቶቹ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም ወደ ጀርመን አገር በመጣሁ ሰሞን፣ ሽበት የወረራቸው ሰዎች በአንድ መደብር መስኮት ፊት ቆመው ስለ አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ሲከራከሩ ባየሁ ጊዜ በልቤ ስቄባቸዋለሁ። ሳቄ የበረደው የክርክሩ ፍሬ ነገር ሲገባኝ ነው። በሎኮሞቲቯ ጎን የተደረደሩት የብረት ችንካሮች ከእውነተኛዋ ጋር በቁጥር ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም ነበር ጥያቄው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሙያ ታሪክ በብዙ አገር ይጀምራል። እኔ የማወራው ግን በደቡብ ጀርመን በምትገኘው በጌፒንገን ከተማ ስለተቋቋመው ስለ ሜርክሊን ነው። በ1859 ቴዎዶር ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ የማዕድ ቤት ዕቃዎችን መሥራት ጀመረ። ሚስቱ ካሮሊን ደግሞ ዕቃውን ይዛ ከአገር አገር እየዞረች ትሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ለሴት ያልተለመደ ድፍረት ነው። ባልየው በ1866 ሲሞት ሥራው አብሮት ያልተቀበረው በእርሷ ብርታት ነው፤ በ1888 ልጆቿ እስኪረከቡ ድረስም ቤቱን ያቆመችው እርሷ ናት። ስለ ፋብሪካው በሚወራው ሁሉ የመሥራቹ ስም ቀድሞ ሲነሣ የእርሷ ወደ ኋላ መቅረቱ አግባብ አይመስለኝም።

በቁልፍ እየተሞላ የሚሄድ ባቡር ከዚያ በፊትም ነበረ። በ1891 በላይፕሲግ የጸደይ ገበያ ሜርክሊን ያቀረበው አዲስ ነገር ሐዲዱ ነበር። እየተገጣጠመ የሚረዝም፣ ስፋቱ በቁጥር የተወሰነ ሐዲድ ስለሆነ፣ ዘንድሮ የተገዛው ለከርሞው ዕቃ መሠረት ይሆናል። ልጁ ለልደቱ ሎኮሞቲቭ ቢሰጠው ለገና ፉርጎ ይመኛል፤ አባትየውም ስጦታ ፍለጋ አይጨነቅም። በ1935 ደግሞ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ባቡር ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው፣ በዚህ ስፋት ላይ የሚሄድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን «አዞ» ነው። ስዊዘርላንድ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ከውጭ ማስገባት በከበዳት ጊዜ የጎትሃርድን የተራራ መስመር በወንዞቿ ኃይል፣ በኤሌክትሪክ፣ ለማንቀሳቀስ የያዘችውን ሐሳብ አፋጠነች። ለዚሁ ሥራ ከ1919 ጀምሮ 33 ከባድ ሎኮሞቲቮች ተሠሩ። ቀለማቸውና ከፊትና ከኋላ የተዘረጋው ረጅም አፍንጫቸው «አዞ» የሚለውን ቅጽል አወጣላቸው። አካላቸው በሦስት ተከፍሎ በመገጣጠሚያ ስለተያያዘ በተራራው ጠመዝማዛ እንደልብ ይታጠፋሉ።

ሜርክሊን የዚህን አዞ ትንሽ አምሳያ ያወጣው በ1947 ነው። ጀርመን በፍርስራሽ ውስጥ ነበረች፤ ጌፒንገንም በአሜሪካ ጦር ቀጣና ሥር ነበረች። ዳቦ በሚታደልበት ዓመት የስዊስ ሎኮሞቲቭን በ22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀርጾ ማውጣት እብደት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥን እምቢ ያለ የእጅ ባለሙያ ነው የሚታየኝ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። አስቀድሞ የእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ንድፍ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ሰው ሄዶ ይለካል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያ ከጠንካራ ብረት የቅርጽ ማውጫው ይፈለፈላል። ወጪው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ገና አንድ ሎኮሞቲቭ ሳይሸጥ ገንዘቡ አልቋል። አንዱ ሎኮሞቲቭ በየዓመቱ ቀለሙና ቁጥሩ እየተለወጠ «አዲስ» ተብሎ የሚወጣውም ስለዚህ ነው፤ ገዢው ይህን እያወቀ ይገዛል። የቀለጠ ዚንክ በኃይል ወደ ቅርጹ ይገባል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል። በማጉያ መነጽር ብቻ የሚነበቡት ጽሑፎች በለስላሳ ማኅተም ይታተማሉ። የዓመቱ አዳዲስ ሥራዎች ከ1950 ጀምሮ በኑረምበርግ የመጫወቻ ገበያ ሲታወጁ ኖረዋል።

እውነትን ማሳነስ ግን ያለ ውሸት አይሆንም። የሳሎኑ ሐዲድ የሚታጠፈው በ36 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ነው፤ በእውነተኛው ዓለም 31 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚያ የሚያልፍ ትልቅ ሎኮሞቲቭ የለም። አዞው የሞዴል ሠሪዎች ወዳጅ የሆነው ከሌሎች ይልቅ ጥቂት መዋሸት ስለሚበቃው ይመስለኛል።

ዚንኩም የራሱ በሽታ አለው። እርሳስ ከተቀላቀለበት ከዓመታት በኋላ ውስጡ እየተሰነጠቀ ያብጣል፣ ከዚያም ይፈረፈራል። ሳይነካ በሳጥን የተቀመጠ የአባት ቅርስ ሲከፈት ዱቄት ሆኖ ይገኛል፤ መድኃኒትም የለውም። የፋብሪካው ዕጣም ለዚህ ቀርቦ ነበር። ቤተሰቡ በ2006 ለገንዘብ ነጋዴዎች ሸጠው፣ በየካቲት 2009 መክሰሩን አስታወቀ። በ2013 ሌላ የመጫወቻ ሠሪ ቤተሰብ ገዝቶት ሥራው ቀጠለ።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ አጼ ምኒልክ በ1894 የባቡር መስመር ፈቃድ የሰጡት የዚሁ የስዊስ አገር ሰው ለነበረው ለኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ለባለ 1 ሜትር መስመሮች የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ሐዲዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ሲመረቅ ብዙዎቻችን ተደስተናል፤ ለገሃር ቆመው የቀሩትን አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች ግን ማን እንደለካቸው የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ ደወልኩና በአሮጌው የባቡር ጥገና ግቢ ከቆሙት የአንዱን መንኮራኩር ስፋት፣ የጎኑን ቁመት፣ የችንካሮቹን ብዛት መዝግቦ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ቃሉን አክብሮ ሜትር ይዞ ሄደ። ማምሻውን መልሶ ደወለ።

«ጋሼ፣ ዝገቱም አብሮ ይለካ?»