ማህፀን ሲከሰስ የኖረበት የፓኒክ ህመም

ልባችሁ በድንገት እየደለቀ፣ ትንፋሽ እያጠራችሁ፣ እጃችሁ እየደነዘዘ "አሁን ልሞት ነው" ብላችሁ ድንገተኛ ክፍል የሄዳችሁ ብዙ ናችሁ። ኢሲጂ ይሠራል፣ ጤነኛ ነው ይባላል፣ "ምንም የለብሽም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል። ይህ ፓኒክ ዲስኦርደር ሊሆን ይችላል፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ሐኪሞች ለዘመናት ምን ሲሉት እንደኖሩ ላጫውታችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች፣ ሴት ስትታፈን ማህፀኗ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ላይ ስለወጣ ነው ይላሉ። መድኃኒቱስ? ማግባትና መውለድ! "ሂስቴሪያ" የሚለው ስም ራሱ ማህፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

በ1871 አሜሪካዊው ሐኪም ጄኮብ ዳ ኮስታ በእርስ በርስ ጦርነቱ ስለተሳተፉ ወታደሮች ጻፈ። ልባቸው ይደልቃል፣ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ወታደሮቹ ማህፀን ስለሌላቸው በዚህ ጊዜ የተከሰሰው ልብ ሆነ፤ "የተቆጣ ልብ" ተባለ። ዛሬ ብናያቸው ከፊሎቹን ፓኒክ አለባቸው እንል ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ ዶናልድ ክላይን ኢሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ድንገተኛውን ጥቃት ሲያቆም፣ ቀን ከቀን የሚቆየውን ስጋት ግን ብዙም እንደማይነካ አስተዋለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ፓኒክ ዲስኦርደርን ራሱን የቻለ ህመም አድርጎ መዘገበው።

ታዲያ ማህፀን ነፃ ወጣ? ከክሱ አዎ። ግን እኛ ሐኪሞች ሌላ ስህተት ሠራን፤ ስለ ወር አበባና ስለ ወሊድ መጠየቁን ተውነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ቪክቶር ማርሴ ግን ገና በ1858 ስለ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች የአእምሮ ህመም መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ክላይንም በ1993 ፓኒክ አንጎል "ታፈንኩ" ብሎ የሚያሰማው የሐሰት ደወል ነው የሚል መላምት አቀረበ። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ትንፋሽን ያነቃቃል፤ በእርግዝና ይጨምራል፣ ከወሊድ በኋላና ከወር አበባ በፊት ይወርዳል። አንዳንድ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ቀሎላቸው በአራስነት የሚብስባቸው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም፤ በእርግዝና የሚብስባቸውም አሉ።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ጥቃቱ የመጣባቸውን ቀኖች ከወር አበባችሁ ቀን ጋር ጽፋችሁ ያዙ። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ከጀመረ ሳትጠየቁም ተናገሩ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግላችሁ፤ ታይሮይድ ከወሊድ በኋላ ሊዛባ ይችላል፣ ምልክቱም ከፓኒክ ጋር ይመሳሰላል። ህመሙ በንግግር ህክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። መድኃኒት ላይ ሆናችሁ ካረገዛችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

አራስ ሆና አንድ እግሯ ያበጠ፣ ደም የምታስል፣ ራሷን የሳተች ወይም ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት እናት ካለች ግን "ጭንቀት ነው" ብላችሁ ቤት አታቆዩአት። የሳንባ ደም መርጋት ወይም የልብ ድካም ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷት።