ፊደላችንና ጉድለትን የማመልከት ጥቅም

በጽሕፈት መኪና ዘመን፣ ፊደላችን ለመሣሪያው ስለ በዛ ይቀነስ፣ ቅርጹም ይለወጥ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ይህም ጫማው ቢጠብ እግሩ ይቈረጥ እንደ ማለት ነው። በኮምፒዩተር ዘመን ግን መሣሪያው ለፊደሉ ተበጀ። ይህም የሆነው ጉድለቱን ያዩ ሰዎች ዝም ስላላሉ ነው።

አስቀድሞ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። የዓለምን ፊደላት በአንድ መዝገብ የሚሰበስበው ዩኒኮድ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. 345 የግእዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ተቀበለ። ሆኖም ይዘት፣ ደረትና ርክርክ የመሳሰሉት የዜማ ምልክቶች አልገቡም ነበር። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ትርጕም እንዳለው እናውቃለን፤ መጥበቁን የሚያሳየው ምልክትም አልነበረም። ከሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትም የጐደሉ ነበሩ። አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቻቸው ጉድለቱን ከነማስረጃው ጽፈው አመለከቱ፤ በ2005 ዓ.ም. እነዚህ ሁሉ ተጨመሩ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ለጉራጊኛ ሌሎች 28 ፊደላት ገቡ።

መዝገብ ውስጥ መግባት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንትና የሚጽፍ የቍልፍ ገበታ ያስፈልጋል። አቢሲኒካ የተባለው ፎንትና ኪማን የተባለው የመጻፊያ ሶፍትዌር የውስጥ አሠራራቸው ለሁሉ ክፍት ነው። ማንም ሰው መርምሮ ስሕተቱን ሊያመለክት፣ ቢችልም ሊያርመው ይፈቀድለታል። ሊኑስ ቶርቫልድስም በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ፣ በ1991 ዓ.ም. ሊኑክስን ሲጀምር፣ ሰዎች ምን እንዲኖርበት እንደሚፈልጉ በይፋ ጠይቆ ነበር። ተናጋሪ ከሌለ ሠሪው ከየት ያውቃል?

ነገር ግን «አይሠራም» ብሎ ማማረር ማመልከት አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አመመኝ» ብቻ ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ምን እንዳደረግን፣ ምን እንደ ጠበቅን፣ በምትኩም ምን እንደ ታየ፣ የሶፍትዌሩንም የእትም ቍጥር መጻፍ ይገባናል። አዲስ ነገር እንዲጨመር የሚጠይቅም፣ ለማን እንደሚጠቅም ማስረዳትና ቀድሞ የጠየቀ ሰው መኖሩን መመልከት አለበት።

እኛ የቢስቲማ ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ በስልክ ስናዘጋጅ «ቈ» የሚለውን ፊደል ከገበታው ላይ ብናጣው፣ «ቆ» ብለን ጽፈን ዐለፍን። ኋላ ግን ዐፈርን፤ ያን ጊዜ እግሩን የቈረጥነው እኛው ነበርንና። ስለዚህ በሌላ ገበታ አርመን ጻፍነው፤ ጉድለቱንም ለሠሪዎቹ በዝርዝር ጽፈን ላክን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ታናናሾቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ዐደራ እንላለን።