«አይቲውን ጥሩት!» ከቴሌግራፍ ምሰሶ እስከ ወረዳ ኔት

ወልድያም ይሁን መርሳ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «አይቲውን ጥሩት!» ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ አይቲው ይጠራል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሲመጣ፣ የደመወዝ ፋይል ሲጠፋ፣ ለስብሰባ ፕሮጀክተር ሲገጠም፣ የቢሮው የፌስቡክ ገጽ ፎቶ ሲያስፈልገው፣ አሁንም የሚጠራው እሱ ነው። ባለጉዳዩ ይህን ሁሉ አንድ ሙያ ያደርገዋል፤ ቀጣሪውም እንደዚያው። ነገሩ ግን አምስት ስድስት ሥራ ነው። በአንድ ስም የተጠቀለለውም በቅርቡ ነው፤ ቀድሞ እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ነበረው።

ከጥንቱ እንጀምር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጣሊያን መሐንዲሶች ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ መስመር ትግራይንና ወሎን አቋርጦ አለፈ። ያን ጊዜ ምሰሶ የሚተክለውና የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥለው የመስመር ሠራተኛ ነበር። ጣቢያ ተቀምጦ መልእክቱን በነጥብና በሰረዝ የሚያስተላልፈው ቴሌግራፈኛ ሌላ ሰው ነው። ወረቀቱን ይዞ ለባለቤቱ የሚያደርሰው መልእክተኛ ደግሞ ሦስተኛው። መስመር ሲቆረጥ ቴሌግራፈኛው አይወቀስም፤ መልእክት ሲሳሳት የመስመር ሠራተኛው አይጠየቅም። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ይኸው የሥራ ክፍፍል በደንብና በሥልጠና ጸና። ማዞሪያ ላይ የምትቀመጠው ኦፕሬተር፣ ማዞሪያውን የሚጠግነው ቴክኒሺያን፣ ከከተማ ውጭ ምሰሶ የሚወጣው ሠራተኛ፣ ሒሳብ የሚሰበስበው ሰው፣ ሁሉም የየራሳቸው መደብ ነበራቸው።

በወረዳና በአውራጃ ቢሮዎች ውስጥም ተመሳሳይ ሥርዓት ነበር። ታይፒስቷ ትጽፋለች። መዝገብ ቤቱ ገቢና ወጪውን ይመዘግባል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ፋይል ያለ ፊርማ አያወጣም። በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ «ግልባጭ» የምትለው ቃል አለች። ብዙ ሰው እንደ ወግ ብቻ ያያታል። ትርጉሟ ግን ከባድ ነበር፦ መርሳ የተጻፈ ደብዳቤ አንድ ቅጂ እዚያው መዝገብ ቤት ይቀራል፣ አንዱ ወልድያ ይሄዳል፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ በላይ። አንዱ ቢሮ ቢቃጠል ነገሩ ከሌላው ይገኛል። ዛሬ ባለሙያዎች ባክአፕ የሚሉትን ሥራ የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ በካርቦን ወረቀት ይሠራው ነበር። የሥራው ባለቤትም የታወቀ ነበር።

ኮምፒውተሩ መጣ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ መንግሥት ወረዳ ኔት የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ፤ ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት አያይዞ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የኢንተርኔትና የስልክ አገልግሎት ለመስጠት የታቀደ ነበር። ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች አይቤክስ በተባለው ሶፍትዌር በጀት መመዝገብ ያዙ። የጤና ሪፖርትና የገጠር መሬት መዝገብም ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመሩ። ዕቃው በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ሶፍትዌሩ በሲዲ መጣ። የሥራ ክፍፍሉ ግን አብሮ አልመጣም። የመስመር ሠራተኛው፣ ኦፕሬተሩ፣ ቴክኒሺያኑ፣ መዝገብ ቤቱና ዘበኛው ይሠሩት የነበረው ሁሉ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ተጫነ።

ትምህርቱ እንኳ ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። የቴክኒክና ሙያ የሙያ ደረጃዎች ሥራዎቹን ለይተው አስቀምጠዋል፦ በታችኞቹ ደረጃዎች የአይቲ ድጋፍ አገልግሎት፣ ከፍ ሲል ሀርድዌርና ኔትወርክ በአንድ በኩል፣ ዳታቤዝ አስተዳደር በሌላ በኩል። ተማሪው ለሲኦሲ ፈተና የሚቀመጠው በለየው ሙያ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎችም በኮምፒውተር ዘርፎች ያስመርቃሉ። ተለይቶ የተማረው ግን ተጠቅልሎ ይቀጠራል። ዳታቤዝ የተማረችው ኬብል ስትስብ ትውላለች፤ ኔትወርክ የተማረው የተበላሸ ኤክሴል ሲያቃና ያመሻል።

ልዩነቱ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። የድጋፍ ሠራተኛው የሚያየው ተጠቃሚውንና የዛሬውን ችግር ነው። የኔትወርክ ባለሙያው የሚጠብቀው መንገዱን ነው። የሲስተም አስተዳዳሪው ሰርቨሩ እንዳይተኛ ይጠብቃል። የዳታቤዝ አስተዳዳሪው የተመዘገበው እንዳይጠፋና እንዳይዛባ ያደርጋል፤ ቅጂ ያስቀምጣል፣ ቅጂው እንደሚሠራም ይፈትናል። ፕሮግራመሩ አዲስ ይሠራል። የደህንነት ባለሙያው ማን ምን መክፈት እንደሚችል ይወስናል። የድጋፍ ሠራተኛ ሥራ ጩኸት አለው፤ ፕሪንተር ሲቆም ሁሉም ይሰማል። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ሥራ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቁ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ድምፅ የሌለው ነው።

የዚህ ዋጋ በጦርነቱ ታየ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ያዙ፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ አብረው ጠፉ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አራት ወር ገደማ እንዲያ ቆየ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የወልድያ ሆስፒታልና ሀብሩ ውስጥ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከተዘረፉት መካከል ናቸው። ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ተጭኖ ሄደ። ብረቱ ይተካል፤ በጀት ሲመደብ ይገዛል። በውስጡ የነበረው የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድ፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ የመሬት መዝገብ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው በገንዘብ አይገዛም።

በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ ነገርም ታይቷል። የባንክ ቅርንጫፎችም ተዘግተው ነበር። ወደ ደሴ፣ ኋላም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የተፈናቀለ ሰው ግን ወልድያ የከፈተው ሒሳብ በሌላ ቅርንጫፍ ጠበቀው። የንግድ ባንክ መዝገብ በቅርንጫፉ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን በማዕከል ስለሚቀመጥ ነው። ያን ማዕከል ሌሊትና ቀን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የወልድያ ነጋዴ አይቶአቸው አያውቅም፣ የሥራቸውንም ስም አልሰማም። ግን ያዳኑት እነሱ ናቸው። ከአንድ አደጋ የባንኩ መዝገብ የወጣው፣ የብዙ ቢሮ መዝገብ የቀረው በዕድል አይደለም። በአንዱ ዘንድ ሥራው ባለቤት ነበረው፣ በሌላው አልነበረውም።

ማዕከልም ቢሆን ያለ ሰው አይጠብቅም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዚሁ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት የቻሉባት ሌሊት ነበረች፤ ባንኩ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጿል። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። ሲስተም የሚያሻሽል አንድ፣ ከመለቀቁ በፊት የሚፈትሽ ሌላ፣ ሌሊት የሚከታተል ሦስተኛ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን አገሪቱ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በሚል ፕሮግራም ወጣቱን በኦንላይን እያሠለጠነች ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር፣ የመርሳ ወጣት ከሌላው ዘግይቶ መድረሱ አይቀርም። ሥልጠናው ጥሩ ነው። ነገር ግን አገር የሚጎድላት የሚሠራ ብቻ አይደለም፤ የተሠራውን የሚጠብቅም ነው። የጥበቃ ሙያ በሥራ መደብ ላይ ስሙ ካልተጻፈ ማንም ወጣት ሊማረው አይመኝም።

እያንዳንዱ ወረዳ ስድስት ባለሙያ ይቅጠር ማለት በዛሬው በጀት ቀልድ ነው። መስመር ግን አለ። የድጋፍ ሠራተኛው በየወረዳው ይቀመጥ፤ የዳታቤዝና የደህንነት ባለሙያዎች ወልድያ ዞን ላይ ሆነው ለሀብሩም ለሌሎቹም ወረዳዎች ያገልግሉ፤ ቅጂውም ከዞኑ ውጭ ይቀመጥ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮው መዝገብ ቤት ያደርገው የነበረው ነው። የሀብሩ ገበሬ ስለ ይዞታው ሲከራከር «መረጃው በጦርነቱ ጠፋ» የሚል መልስ እንዳይሰማ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጠርቶ መጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፦ የዚህ ኮምፒውተር ግልባጭ የት ነው ያለው፣ ኃላፊነቱስ በማን ስም ነው የተጻፈው?