ስለ ቬርግል ከተማ ሥራ ያጡ ሰዎችና ቴምብር ስለሚለጠፍበት ገንዘብ

በአማርኛ ቋንቋ ሥራ ፈት ማለት ስድብ ነው። ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ በጥላ ሥር የሚቀመጠውን፥ የሰው ወሬ የሚለቅመውን ሰው ለመዝለፍ ይነገራል። ነገር ግን ሥራን ከሚፈታ ሰው ሌላ፥ ሥራ ራሱ የፈታው ሰውም አለ። ይህ ሰው ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበትን ያጣ፥ እጁ ጤነኛ ሳለ እንደ ሽባ የሚቈጠር ነው። ከ1929 ዓ.ም. በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዓለም ላይ የንግድ መከራ በመጣ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው በሚሊዮን ተቈጠረ። ታላላቆቹ መንግሥታት ጉባኤ ሲሰበስቡና ምክር ሲመክሩ፥ በኦስትርያ ተራሮች መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ማንንም ሳትጠብቅ ሥራ ላጡት ልጆቿ መድኃኒት ፈለገች። ይህች ከተማ ቬርግል ትባላለች።

ኦስትርያ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ፈጽማ ባዕድ አገር አይደለችም። አያቶችና ቅድመ አያቶች በመቀነታቸው የቋጠሩት፥ በማሰሮ አድርገው ከመሬት በታች የቀበሩት ጠገራ ብር የዚያች አገር ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ የታተመበት ነበረ። ዳሩ ግን ያ ታላቅ መንግሥት ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ፈረሰ፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይገዛ የነበረው ዙፋን ወድቆ 6 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ሬፑብሊክ ቀረች። ወዲያውም ገንዘቧ ረከሰ። በ1925 አዲሱ ሽልንግ በወጣ ጊዜ አንዱ ሽልንግ በ10,000 ክሮን ተለወጠ፤ ለእርጅናው ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ያጠራቀመው ሁሉ እንደ ጢስ በኖ ቀረበት። ከዚያ ወዲህ የመንግሥቱ ባንክ የገንዘብን መብዛት እንደ እሳት ይፈራ ነበር። ይህን ፍርሃት ማስታወስ ይገባል፤ በኋላ የሚመጣውን ነገር የሚያስረዳ እርሱ ነውና።

በሜይ 1931 ክሬዲትአንስታልት የተባለው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ መክሰሩ ተገለጠ። ፋብሪካዎች ብድር አጡ፥ ሠራተኞችም ተሰናበቱ፤ በ1933 ከኦስትርያ ሠራተኞች ሩብ ያህሉ ሥራ አልነበራቸውም። ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠው የመድን ገንዘብ ጊዜው የተወሰነ ስለ ነበረ፥ ጊዜው ሲፈጸም ሰውየው ከመዝገብ ይሰረዝ ነበር። ከመዝገብ የተሰረዘውም የአገሩ ከተማ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ የዓለም ባንኮች ጥፋት ዞሮ ዞሮ በትንሿ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ይወድቅ ነበር።

ሥራ ማጣት በትንሽ ከተማ ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ ይልቅ አጥርተው የጻፉት ማሪ ያሆዳ፥ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉት የቪየና ሊቃውንት ናቸው። እነርሱ ከቪየና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ማሪየንታል ሄደው የሕዝቡን ኑሮ መርምረው በ1933 መጽሐፍ አወጡ። በዚያች መንደር የፈትልና የሽመና ፋብሪካው ተዘግቶ፥ ከ478 ቤተ ሰቦች የሚበዙት አንድ ስንኳ ሥራ ያለው ሰው አልነበራቸውም። ጊዜ ያገኘ ሰው ብዙ ያነባል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ ነገር ግን ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወሰደው መጽሐፍ በእጅጉ ቀነሰ። ሊቃውንቱ በመስኮት ተሸሽገው አላፊ አግዳሚው በመንገድ የሚሄድበትን ፍጥነት ለኩ። ወንዶቹ ቀስ እያሉ፥ ደጋግመው እየቆሙ ይሄዱ ነበር፤ ሴቶቹ ግን የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋልና ፈጥነው ያልፉ ነበር። አብዛኞቹ ወንዶች የኪስ ሰዓት መያዝ ትተዋል፤ ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ የሌለው ሰው ስለ ምን ሰዓት ይይዛል? ልጆቹም ለልደት በዓል የሚመኙትን እንዲጽፉ በተጠየቁ ጊዜ «ወላጆቼ ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ» የሚል ሐሳብ እያስቀደሙ ጥቂት ነገር ብቻ ይለምኑ ነበር። የሥራ ማጣት ክፋት ረኃቡ ብቻ እንዳይደለ፥ ሰውን ከመመኘትም እንደሚያስተው ከዚህ ይታወቃል።

ቬርግልም ወደዚያው መንገድ ትሄድ ነበር። ከተማይቱ በቲሮል ክፍል፥ በኢን ወንዝ ሸለቆ ያለች ናት። ከኢንስብሩክ ወደ ጀርመን አገር የሚሄደውና ከዛልስቡርግ የሚመጣው የምድር ባቡር ሐዲድ የሚገናኘው በዚያ ስለ ሆነ፥ ያደገችውም በባቡሩ ምክንያት ነው። በ1932 ነዋሪዎቿ 4,200 ያህል ነበሩ። የባቡሩ ሥራ ሲቀንስ፥ ከእንጨት የወረቀት ጥሬ ዕቃ የሚያወጣው ፋብሪካ ሲቆም፥ በጎረቤቷ በኪርሕቢሕል ያለው የሲሚንቶ ሥራም ሲቀዘቅዝ፥ ሥራ ያጣው በመቶ የሚቈጠር ሆነ። ሕዝቡ ለከተማው ያልከፈለው ውዝፍ ግብር ከ100,000 ሽልንግ በላይ ደረሰ፤ ከተማውም ራሱ ከኢንስብሩክ የቍጠባ ባንክ የተበደረውን ዕዳ ወለዱን እንኳ መክፈል አቃተው። መንገዱ ጭቃ ነው፥ መብራቱ ጥቂት ነው፤ መንገዱን የሚያበጁ ጤነኛ እጆች ግን በየደጃፉ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሥራው አለ፥ ሠራተኛውም አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ገንዘብ ብቻ ጠፋ።

የከተማው ከንቲባ ሚካኤል ኡንተርጉገንበርገር ነበረ። በ1884 በአቅራቢያው ባለች በሆፕፍጋርተን ተወልዶ፥ በምድር ባቡር ሥራ የኖረ፥ የሶሻል ዴሞክራት ማኅበር አባል የሆነ ሰው ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ነገር ግን ያነብ ነበር፤ ከሚያነባቸውም አንዱ የሲልቪዮ ገዜል መጽሐፍ ነበረ። ገዜል ወደ አርጀንቲና ሄዶ ይነግድ የነበረ ጀርመናዊ ነጋዴ ሲሆን በ1930 ሞቷል። የትምህርቱ ሥር አጭር ነው። እህል ይነቅዛል፥ ብረት ይዝጋል፥ የሠራተኛ ጕልበትም ዛሬ ካልተሠራበት ለነገ አይተርፍም፤ ገንዘብ ግን አይበሰብስም። ስለዚህ ባለ ገንዘብ ሲፈራ ገንዘቡን ደብቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ባለ ዕቃውና ሠራተኛው ግን ሊጠብቁ አይችሉም። እንግዲህ ገንዘብም እንደ ሌላው ዕቃ ቢያረጅ የሚደብቀው አይገኝም አለ።

ይህ ነገር ለኤውሮፓ ሰዎች እንግዳ ሐሳብ መሰላቸው፤ በአሞሌ ጨው ለተገበያየ ሕዝብ ግን ለማስተዋል አይከብድም። አሞሌ በክረምት ርጥበት ይሟሟል፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይሸራረፋል፤ ስለዚህ ጠገራ ብር እንደሚቀበር ማንም አሞሌ አይቀብርም ነበር። ልዩነቱ አሞሌን የሚያሳንሰው ተፈጥሮው መሆኑ፥ ገዜል ያሰበውን ገንዘብ ግን የሚያሳንሰው ሕግ መሆኑ ነው።

ጁላይ 5 ቀን 1932 የከተማው የርዳታ ጉባኤ የከንቲባውን ዕቅድ ተቀበለ። ማዘጋጃ ቤቱ የ1፥ የ5ና የ10 ሽልንግ ወረቀት አሳተመ። ገንዘብ ማውጣት ለመንግሥቱ ባንክ ብቻ የተፈቀደ ስለ ሆነ ገንዘብ ብለው አልጠሩትም፤ የሥራ ማረጋገጫ አሉት። በየወሩ መጀመሪያ ወረቀቱን የያዘው ሰው ከዋጋው ከመቶ 1 የሚሆን ቴምብር ከማዘጋጃ ቤቱ ገዝቶ ካልለጠፈበት ወረቀቱ ሙሉ ዋጋውን አያገኝም። ይህም በዓመት ከመቶ 12 ማለት ነው። የቴምብሩ ገንዘብ ወደ ርዳታው ሣጥን ይገባል። ሰው እንዳይጠራጠርም የወረቀቱን ያህል እውነተኛ ሽልንግ በከተማው የራይፋይዘን ባንክ መያዣ ሆኖ ተቀመጠ። ወረቀቱን በሽልንግ መለወጥ የፈለገ ሰው ከመቶ 2 እያስቀነሰ ይለውጥ ነበር።

በጁላይ መጨረሻ የመጀመሪያው ደመወዝ በዚህ ወረቀት ተከፈለ። የከተማው ሹማምንትና ጸሐፊዎች፥ ከንቲባውም ጭምር፥ ከደመወዛቸው እኩሌታውን በዚሁ ተቀበሉ፤ ይህን ባያደርጉ ኖሮ ነጋዴው ባላመናቸው ነበር። ሠራተኛው ዳቦ ገዛበት፤ ዳቦ ጋጋሪው ቴምብር ሳይደርስበት ለዱቄት ነጋዴው ሰጠ፤ ነጋዴውም የወሩ መጨረሻ ሲቀርብ ወረቀቱን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሮጠና ውዝፍ ግብሩን ከፈለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ያንኑ ወረቀት መልሶ ለሌላ ሠራተኛ ከፈለ። ለወትሮው ግብር ክፈል ሲባል የሚሸሸው ሰው፥ አሁን ጊዜው ሳይደርስ ልክፈል እያለ መምጣቱ ለገንዘብ ያዡ ምንኛ እንግዳ ነገር ነበር!

በዚህ ዘዴ መንገዶች ተጠገኑ፥ የውሃ መውረጃ ተቈፈረ፥ የመንገድ መብራት ተጨመረ፥ ድልድይ ተሠራ፤ የአገሩ ሰዎች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበት ቦታ ሳይቀር ተበጀ። በክረምትም ለድኾች ወጥ ቤት ተከፈተ። ይህን ሁሉ ያንቀሳቀሰው ወረቀት ብዛቱ ሲታይ ያስገርማል፤ በሕዝቡ እጅ በአማካይ የሚገኘው ከ5,500 ሽልንግ አይበልጥም፥ ለነዋሪዎቹ ቢካፈልም ለአንድ ሰው 1 ሽልንግ ከጥቂት ሳንቲም ብቻ ይደርሰዋል። የሠራው መብዛቱ ሳይሆን አለመቀመጡ ነው፤ ዕቁብ የጣለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በአገሪቱ የሥራ ያጡ ሰዎች ቍጥር ሲጨምር በቬርግል ግን ቀነሰ። በጃንዋሪ 1933 ኪርሕቢሕል የራሷን ወረቀት አወጣች፤ ሌሎች ከተሞችም ጠየቁ።

ዳሩ ግን ስለ ቬርግል የሚጻፈው ሁሉ ምስጋና ብቻ በመሆኑ፥ ድካሙም ሊነገር ይገባል። ወደ ማዘጋጃ ቤት ከገባው ወረቀት ብዙው የቀድሞ ዓመታት ውዝፍ ነበረ፤ ውዝፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ አይከፈልም። ስኳርና ጨርቅ ከሩቅ የሚያስመጣ ነጋዴም በቬርግል ወረቀት ሊገዛ ስለማይችል፥ እየቀነሰበትም ቢሆን ወደ ሽልንግ ይለውጠው ነበር። አሥራ አራት ወር ባልሞላ ጊዜ የታየው ነገር በአሥራ አራት ዓመት ምን ይሆን እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም። የቴምብሩ ሥርዐትም በጥንቃቄ ካልተደነገገ ይበላሻል። በአሜሪካ በአዮዋ ክፍል ያለችው ሃዋርደን የምትባል ትንሽ ከተማ በዚያው በ1932 ተመሳሳይ ወረቀት ስታወጣ፥ ቴምብሩ በየወሩ ሳይሆን ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር እንዲለጠፍ አዘዘች። በዚህም የሚያስቀምጠውን ትታ የሚያወጣውን ሰው ቀጣች። የአሜሪካው የገንዘብ ሊቅ ኧርቪንግ ፊሸር በ1933 ስለዚህ ነገር በጻፈው መጽሐፍ የቬርግልን ሥርዐት መርጦ አመሰገነ። የቴምብር ገንዘብ በመላው አሜሪካ እንዲወጣም በዚያው ዓመት ለምክር ቤቱ የሕግ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፥ ነገር ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

የመንግሥቱ ባንክ ዝም አላለም። ከተማ ሁሉ የየራሱን ወረቀት ቢያወጣ የዛሬ ዐሥር ዓመት የሆነው መቅሠፍት ይመለሳል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም ባልታመነ ብዛት በታተመው ክሮንና ሙሉ መያዣ ባለው፥ በወር በወር በሚቀንሰው የቬርግል ወረቀት መካከል ያለውን ልዩነት ሊያይ አልወደደም። ወረቀቱ እንዲቀር ታዘዘ። ከንቲባው ይግባኝ እያለ ትእዛዙን ለጥቂት ወራት አዘገየው፤ ወደ ቪየናም ወጥቶ ከየስፍራው ለመጡ የከተማ ሹማምንት ነገሩን አስረዳ። በሴፕቴምበር 1933 ግን ወረቀቱ ከገበያ ወጣ። በኖቬምበርም የቪየና የአስተዳደር ፍርድ ቤት ገንዘብ ማውጣት የመንግሥቱ ባንክ መብት ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። እንደ ሕጉ ቃል ፍርዱ ትክክል ነበረ። ባንኩ ወረቀቱን ሲከለክል ግን ለቬርግል ሥራ ያጡ ሰዎች በምትኩ ያመጣላቸው ሥራ አልነበረም።

የዚያ ዓመት ዘመን ለክርክር የሚመች አልነበረም። ዋና ሚኒስትሩ ዶልፉስ በማርች 1933 የሕዝቡን ምክር ቤት ዘግቶ ብቻውን ይገዛ ጀምሮ ነበር። በፌብሩዋሪ 1934 በመንግሥቱ ወታደሮችና በሶሻል ዴሞክራቶች መካከል ውጊያ ሆኖ ማኅበሩ በሕግ ተከለከለ፤ ኡንተርጉገንበርገርም ከከንቲባነቱ ወረደ። በ1936 በ52 ዓመቱ ሞተ።