አሮጌ ማኑዋል ሌንሶች በዲጂታል ካሜራ

አሮጌ ማኑዋል ሌንስ በፊልም ካሜራ ዘመን የተሠራ፣ ፎከሱም ሆነ አፐርቸሩ በሌንሱ ላይ ባሉ ቀለበቶች በእጅ የሚስተካከል የፎቶግራፍ ሌንስ ነው። ሞተርም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት የለውም። ሆኖም አዳፕተር በሚባል የብረት ቀለበት አማካይነት ከዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ጋር ሊገጠም ይችላል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአዳዲስ ሌንሶች ያነሰ ሲሆን አፐርቸሩ ሰፊ የሆነው ደግሞ ብርሃን በጎደለበት ስፍራ ያለ ፍላሽ ለማንሳት ይጠቅማል። በዚህ ምክንያት አጠቃቀሙ እንደ ገነተ ማርያም ባሉ የላስታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የሚገኙ ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎችን ለመሰነድ ከሚነሱ ጥያቄዎች ጋር ይገናኛል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1949 በድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ ካሜራ ኤም 42 የተባለውን የሌንስ መግጠሚያ (ማውንት) ይዞ ወጣ። ይህ ማውንት እንደ ብሎን እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ሲሆን ስሙን ያገኘው 42 ሚ.ሜ. ከሆነው ስፋቱ ነው። በኋላ የጃፓኑ ፔንታክስና የሶቪየት ኅብረቱ ዜኒት ጭምር ስለተጠቀሙበት ከሁሉ ይበልጥ ከተስፋፉት አንዱ ሆነ። ኒኮን ኤፍ በ1959፣ ካኖን ኤፍዲ በ1971፣ ኦሊምፐስ ኦኤም በ1972፣ ፔንታክስ ኬ ደግሞ በ1975 ወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 ፎከስን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ይዞ ገበያ ላይ ሲውል የማኑዋል ሌንሶች ዘመን ማብቃት ጀመረ። ካኖንም በ1987 ኢኤፍ የተባለውን አዲስ ማውንት ሲያወጣ ነባሮቹ የኤፍዲ ሌንሶች በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ የማይገጥሙ ሆኑ። በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ ጤነኛ ሌንሶች ካሜራቸው ጊዜ ያለፈበት ሆኖ በየቤቱ ቀሩ።

ሌንሶቹ እንደገና ተፈላጊ የሆኑት መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ከመጡ በኋላ ነው። ፓናሶኒክ ጂ1 በ2008፣ ሙሉ የፊልም መጠን (24 በ36 ሚ.ሜ.) ሴንሰር ያለው ሶኒ ኤ7 ደግሞ በ2013 ወጣ። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ የሚንቀሳቀስ መስታወት ስለሌለ ሌንሱና ሴንሰሩ ይበልጥ ተቀራርበዋል፤ በመካከል ለአዳፕተር የሚሆን ቦታ የተገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ፎቶግራፍ በኢትዮጵያና በላስታ

በወሎ ምድር ከተነሱት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ ያነሷቸው ይገኙበታል። በአዲስ አበባ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የስዊዘርላንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ጌኦርግ ገርስተር ስለ ኢትዮጵያ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1968 በጀርመንኛ፣ በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከ1985 በፊት የተነሱት እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በእጅ ፎከስ የተደረጉ ናቸው።

በዲጂታል ዘመን ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያደራጁት መዝገበ ሥዕላት የተባለ ስብስብ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና ሕንፃዎች ፎቶግራፎች ለተመራማሪዎች አቅርቧል።

ገነተ ማርያም ከላሊበላ ከተማ ውጭ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ የምትገኝ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። በዙሪያዋ በቆሙት የውጭ ዓምዶች የተነሣ በላሊበላ ካለችው ቤተ መድኃኔ ዓለም ጋር ትነጻጸራለች። የታነጸችው በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት (1270–1285 እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይታመናል። በውስጧ ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ የንጉሡ የራሱ ምስል ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ቢደበዝዝ ወይም ቢላጥ ዳግም የማይገኝ በመሆኑ ፎቶግራፉ ከማስታወሻነት አልፎ የታሪክ ሰነድ ይሆናል።

አዳፕተርና የርቀት ስሌት

እያንዳንዱ ማውንት ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት አለው። የተለመዱት የሚከተሉት ናቸው፦

• ኦሊምፐስ ኦኤም፦ 46 ሚ.ሜ.
• ኒኮን ኤፍ፦ 46.5 ሚ.ሜ.
• ኤም 42 እና ፔንታክስ ኬ፦ 45.46 ሚ.ሜ.
• ካኖን ኢኤፍ፦ 44 ሚ.ሜ.
• ሚኖልታ ኤምዲ፦ 43.5 ሚ.ሜ.
• ካኖን ኤፍዲ፦ 42 ሚ.ሜ.
• ካኖን አርኤፍ፦ 20 ሚ.ሜ.
• ሶኒ ኢ፦ 18 ሚ.ሜ.
• ፉጂፊልም ኤክስ፦ 17.7 ሚ.ሜ.
• ኒኮን ዜድ፦ 16 ሚ.ሜ.

የአዳፕተሩ ውፍረት የሚገኘው ከሌንሱ ርቀት ላይ የካሜራውን ርቀት በመቀነስ ነው። ለምሳሌ የኤም 42 ሌንስን ከሶኒ ኢ ጋር ለመግጠም 45.46 ሲቀነስ 18፣ ማለትም 27.46 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ባዶ ቀለበት ይበቃል። ቀለበቱ ውስጥ ብርጭቆ ስለሌለ የምስሉን ጥራት አይለውጥም።

ልዩነቱ ከዜሮ በታች ሲሆን ግን ችግር ይፈጠራል። የኤም 42 ሌንስ በኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ሲገጠም ቢያንስ 1.04 ሚ.ሜ. ከሚገባው በላይ ይርቃል። በዚህ ሁኔታ ባለ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ ከ2.5 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ነገር ላይ ፎከስ ማድረግ አይችልም። በቅርብ ያለ ሐረግ ወይም መስቀል ማንሳት ይቻላል፤ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ግን አይቻልም። ይህን ለማረም የማስተካከያ ብርጭቆ ያላቸው አዳፕተሮች ቢኖሩም ርካሾቹ የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ።

በመስታወት ካሜራዎች ላይ ሌሎች ጥንቃቄዎችም ያስፈልጋሉ። የአንዳንድ ሌንሶች የኋላ ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ የካሜራውን መስታወት ሊመታ ይችላል። ከ1977 በፊት የተሠሩና ያልተሻሻሉ የኒኮን ሌንሶችም በአንዳንድ የኒኮን ካሜራዎች ላይ ያለውን ትንሽ የብረት ምላስ ሊሰብሩ ይችላሉ።

የሴንሰር መጠን

ሌንሱ የተሠራው ለ24 በ36 ሚ.ሜ. ፊልም ስለሆነ አነስተኛ ሴንሰር የሚያየው የምስሉን መካከለኛ ክፍል ብቻ ነው። በ3 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ በሙሉ ሴንሰር 2.16 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ግድግዳ ሲይዝ፣ ኤፒኤስ ሲ በሚባለው አነስተኛ ሴንሰር የሚይዘው ወደ 1.4 ሜትር ብቻ ነው። ዓምዶች በተደረደሩበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ስለማይቻል አነስተኛ ሴንሰር ያለው ሰው 28 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ ያጠረ ሌንስ ያስፈልገዋል።

ፎከስና ብርሃን

አብዛኞቹ ካሜራዎች ሌንስ የተገጠመላቸው መሆኑን በኤሌክትሮኒክስ ስለማያውቁ በመጀመሪያ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደው ምርጫ መከፈት አለበት። ከዚያ ካሜራው አፐርቸርን በሚያስቀድመው ስልት (ኤ ወይም ኤቪ) ላይ ይደረጋል። ተጠቃሚው አፐርቸሩን በቀለበቱ ሲመርጥ ካሜራው የሸተሩን ፍጥነት በራሱ ይወስናል። ብዙ የኤም 42 ሌንሶች ኤ እና ኤም የሚል ማዞሪያ አላቸው፤ ይህ ኤም ላይ ካልሆነ አፐርቸሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ለፎከስ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፎከስ ፒኪንግ ነው። የካሜራው ፕሮግራም አጎራባች ፒክስሎችን እያነጻጸረ ልዩነታቸው የጎላበትን ጠርዝ በቀለም ያደምቃል። ፈጣን ቢሆንም የሚያሳየው ንጽጽርን እንጂ ትክክለኛ ርቀትን አይደለም፤ የደበዘዘ ሥዕል ላይ ምንም ላያሳይ፣ የተሰነጠቀ ልስን ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ሊያደምቅ ይችላል። ሁለተኛውና ይበልጥ አስተማማኙ ምስሉን በማያው ላይ አጉልቶ እየተመለከቱ ቀለበቱን ማዞር ነው።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ጠባብ ስለሆነ ነው። በሙሉ ሴንሰር ላይ ባለ 58 ሚ.ሜ. ሌንስ በኤፍ 2 ሲያነሳ በ3 ሜትር ርቀት ወደ 32 ሴ.ሜ.፣ በ1 ሜትር ርቀት ደግሞ ወደ 3.5 ሴ.ሜ. ብቻ ጥርት ይላል።

በአንጻሩ ኤፍ 2 የሆነ ሌንስ ኤፍ 5.6 ከሆነው 8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በኤፍ 5.6 አይኤስኦ 12800 የሚጠይቅ ጨለማ ስፍራ በተመሳሳይ የሸተር ፍጥነት በኤፍ 2 አይኤስኦ 1600 ይበቃዋል፤ በምስሉ ላይ የሚታየው ኑክታም ይቀንሳል። ካሜራው ውስጥ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ መከላከያው ራሱ ምስሉን ያደበዝዛል።

ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ የሚመቸው ርቀትን አስቀድሞ መወሰን ነው። ለምሳሌ ባለ 35 ሚ.ሜ. ሌንስ በኤፍ 8 ሆኖ ፎከሱ 3 ሜትር ላይ ቢደረግ በሙሉ ሴንሰር ከ1.9 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። በገና በዓል በላሊበላ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር እንደሚታየው ባለ ብዙ ሰው ስብስብ ውስጥ ይህ ዘዴ ቀለበት ማዞርን ያስቀራል።

ለግድግዳ ሥዕል የሚሆን ሌንስ

ከሰው ፎቶ ጋር ተያይዞ የሚወደድ ሌንስ ለግድግዳ ሥዕል ላይሆን ይችላል። ሄሊዮስ 44 (58 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 2) ከጀርመኑ ዛይስ ቢዮታር የተቀዳ የሶቪየት ሌንስ ሲሆን ከዜኒት ካሜራዎች ጋር በብዛት ይሸጥ ነበር። ከሰውየው ጀርባ ያለውን እንደ አዙሪት ስለሚያደበዝዘው ተወዳጅ ነው። ነገር ግን ይኸው ጠባዩ ጠፍጣፋ ግድግዳ ሲነሳ መሐሉ ጠርቶ ዳሩ እንዲደበዝዝ ያደርጋል። ለሥዕል ሰነድ ማይክሮ ኒኮር 55 ሚ.ሜ.ን የመሰሉ፣ ለቅርብ ዕይታ የተሠሩ ሌንሶች የተሻሉ ናቸው። ትራይፖድ ከተፈቀደም ማንኛውንም ሌንስ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ማጥበብ ዳሩን ያጠራዋል።

ሁለተኛው ችግር ከበርና ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ነው። የአሮጌ ሌንሶች ቅብ ከዘመናዊው ያነሰ ስለሆነ ብርሃኑ በቀጥታ ሲያርፍባቸው ምስሉ በነጭ ጉም ይሸፈናል። ጥላ መከለያ መግጠም ወይም በእጅ መጋረድ ይረዳል።

ሦስተኛው ቀለም ነው። እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.4 ያሉ አንዳንድ ሌንሶች ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ብርጭቆ ስላላቸው ከዘመን ብዛት ይቢጫሉ። ጨረሩ አነስተኛ ሲሆን ብርጭቆውን መፋቅ ወይም መፈጨት ግን አይገባም። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ቢጫነቱን ይቀንሳል። ቢጫ ሌንስ ነጩን የልስን መደብ ያረጀ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ አብሮ ማንሳትና ምስሉን በጥሬ ፋይል (ሮው) ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው።

ፍላሽ በጥንታዊ ሥዕል ላይ መጠቀም አይመከርም፤ ብዙ ጊዜም የተከለከለ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለማንሳትም ሆነ ትራይፖድ ለማቆም አስቀድሞ ከአገልጋዮቹ ፈቃድ ማግኘት ይገባል።

የጎደለው መረጃ

ዘመናዊ ሌንስ ስሙን፣ የትኩረት ርዝመቱንና አፐርቸሩን ለካሜራው ይነግራል፤ ካሜራውም ኤክሲፍ በሚባለው የፋይሉ መረጃ ውስጥ ይመዘግበዋል። አሮጌ ሌንስ ይህን ማድረግ ስለማይችል ቦታው ባዶ ወይም ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ብዙም አይጎዳም። የአንድ ሥዕል ፎቶግራፍ ከ20 ዓመት በኋላ ከሌላ ጋር ሲነጻጸር ግን፣ ቢጫው የመጣው ከሥዕሉ ይሁን ከሌንሱ ለመለየት የሌንሱ ማንነት መታወቅ አለበት። ስለዚህ የሌንሱ ስም፣ አፐርቸሩና የተነሳው ግድግዳ በማስታወሻ ይያዛል፤ በኋላም እንደ ኤክሲፍቱል ባለ ነፃ ፕሮግራም በየፋይሉ ውስጥ ይጻፋል።

ምርመራና አያያዝ

ሌንስ ከመገዛቱ በፊት አፐርቸሩን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ማብራት ብዙ ጉድለቶችን ያሳያል። እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋው ሻጋታ ነው። አጠቃላይ ጉም የቅባት ትነት ምልክት ሊሆን ይችላል። በብርጭቆዎች መካከል የሚታይ ቀስተ ደመናማ እድፍ ሙጫው መላቀቁን ያመለክታል። በአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት ካለ ቅጠሎቹ ይዘገያሉ ወይም ይጣበቃሉ። ጥቂት አቧራና ቀላል ጭረት ግን ምስሉን እምብዛም አይጎዱም።

ሻጋታ የሚያድገው እርጥበትና ጨለማ በተገናኙበት ስለሆነ በክረምት ወራት ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ማስቀመጥ አይበጅም። አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማኖርና አልፎ አልፎ ብርሃን ማሳየት ይሻላል። በበጋ ደግሞ የላስታ መንገድ አቧራማ ነው። ሌንስ የሚቀየረው ካሜራው ጠፍቶ፣ አፉ ወደ ታች ተደርጎ፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ ነው። አንድ ሌንስ ከነአዳፕተሩ እንደተገጠመ መተው ደግሞ ሴንሰሩን ከሁሉ ይበልጥ ይጠብቀዋል።